የአሮጌው ኪቦርድ ምርመራና ዕድሳት

አንድ የብራና መጽሐፍ በእጁ የገባ ሊቅ አስቀድሞ የሚመለከተው የተጻፈውን ቃል ብቻ አይደለም። የብራናውን ውፍረት ይዳስሳል፤ የቀለሙን ጥቁረትና ቅላት ይመረምራል፤ የፊደሉን አጣጣል ያስተያያል፤ የገበታው እንጨትና የጥራዙ ስፌት የፊተኞቹ ይሁኑ ወይም በኋላ ዘመን የታደሱ ይሁኑ ይጠይቃል። በኅዳጉ ላይ የባለቤቶች ስም ወይም የስጦታ ማስታወሻ ተጽፎ ያገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ከመጽሐፉ ቃል የማያንስ ዋጋ ይሰጠዋል፤ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለፈና በየት እንደ ኖረ የሚመሰክረው እርሱ ነውና። የላላውን ስፌት አፍርሶ በአዲስ የሚጠርዝ ባለ እጅም መጽሐፉን ከመበታተን ያድነዋል፤ ነገር ግን በዚያው እጁ አንድ ምስክር ያጠፋል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህንኑ የምርመራ ዘዴና ይህንኑ ችግር የብራና ያህል ክብር በማይሰጠው ዕቃ ላይ ማሳየት ነው። ዕቃውም የኮምፒዩተር የጽሕፈት ገበታ፥ በተለምዶ ኪቦርድ የምንለው ነው። ኮምፒዩተር ባረጀ ጊዜ ኪቦርዱ አብሮት ይጣላል፤ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ቆይቶም ከተሰበረ ወንበርና ከዛገ መደርደሪያ ጋር በጨረታ ይሸጣል። የዛሬው ቀላል ኪቦርድ እንዲህ ቢደረግበት ብዙ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ከ1981 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከተሠሩት መካከል እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱ የብረት ሞላ ያለው፥ ሲነሣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፥ ሲመታም እንደ ጽሕፈት መኪና የሚያንቃጭል አንድ ዓይነት አለ። ስለ እርሱ ሳያውቁ እርሱን መጣል የአንድ ዘመን የሥራ ጥበብ ማስረጃን መጣል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የኪቦርድ አባት የጽሕፈት መኪና ነው። በአሜሪካ አገር፥ በዊስኮንሲን ግዛት፥ በሚልዋኪ ከተማ ይኖር የነበረው የጋዜጣ ሰው ክሪስቶፈር ሌታም ሾልስ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት በ1868 አገኘ። በ1873 ጠመንጃና የልብስ ስፌት መኪና ይሠራ ከነበረው ከሬሚንግተን ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለ፤ በሚቀጥለው ዓመት መኪናው ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በብዙ ኪቦርዶች የላይኛው የፊደል መሥመር ላይ ከግራ ጀምሮ የምናየው የኪው፥ የደብልዩ፥ የኢ፥ የአር፥ የቲና የዋይ አሰላለፍ ሥሩ ከዚያ መኪና ነው። ፊደሎቹ እንዲህ የተዘበራረቁት የመኪናው ክንዶች እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ፥ የጸሐፊውም እጅ እንዲዘገይ ታስቦ ነው የሚለውን ወሬ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፥ ኮይቺ ያሱኦካና ሞቶኮ ያሱኦካ፥ በ2011 ባወጡት ጥናት ይህን ወሬ ተቃውመው፥ በአሰላለፉ ለውጥ ላይ መኪናውን አስቀድመው የሞከሩት የቴሌግራፍ ሠራተኞች ፍላጎት ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው ተከራክረዋል። ክርክሩ እንዲህ በአንድ ጥናት ያለቀ ባይመስለኝም፥ ሁላችን በጣታችን ስለምንነካው ነገር እንኳ ሳንመረምር የምንደጋግመው ታሪክ መኖሩን ያሳያል።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ወደዚህ ሥራ የገባው በ1933 ኤሌክትሮማቲክ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ጽሕፈት መኪና ኩባንያ ገዝቶ ነው። በ1956 በኬንታኪ ግዛት፥ በሌክሲንግተን ከተማ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ከፈተ። በ1961 ሰሌክትሪክ የተባለው መኪና ወጣ፤ ይህም ፊደሎቹን በክንድ ፈንታ ጎልፍ ኳስ በምታህል አንዲት ኳስ ላይ አስቀርጾ፥ ኳሲቱን እያዞረ የሚያትም ነበር። ለነገራችን የሚጠቅመው ግን ኳሲቱ ሳትሆን ጸሐፊዎቹ ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ የቢሮ ሠራተኞች ጣታቸው በዚህ መኪና ላይ ለመደ፤ ቁልፉ ሲወርድ የሚሰጠውን ተቃውሞ፥ ፊደሉ በተመታበት ቅጽበት ጣት ላይ የሚሰማውን መልስ እንደ ራሳቸው ትንፋሽ አወቁት። ኮምፒዩተር በጽሕፈት መኪና ቦታ ሲተካ ኩባንያው የተጋፈጠው ጥያቄ እነዚህን ጣቶች እንዴት ማሳመን ይቻላል የሚል ነበር። በኮምፒዩተር ኪቦርድ ውስጥ ወረቀት የሚመታ ክንድ የለምና፥ ቁልፉ ያለ አንዳች ድምፅና ያለ አንዳች ስሜት ቢወርድ ለኤሌክትሪኩ ሥራ በቂ ነበር። ለሰው ግን በቂ አልነበረም።

መልሱን ያገኘው ሪቻርድ ሃንተር ሃሪስ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ነው። በ1978 የፈጠራ መብት የተሰጠበት ሥራው በአሳቡ እጅግ ቀላል ነው። በቁልፉ ሥር ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት ሞላ አለች፤ ታችዋ ወዲያና ወዲህ ሊወዛወዝ በሚችል ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ላይ ተተክሏል። ጣት ቁልፉን ሲጫን ሞላዋ ትታመቃለች፤ ትታመቅና ትታመቅና ከአንድ ልክ ባለፈች ጊዜ መታመቁን ትታ በድንገት ወገብዋ ይታጠፋል። በዚያች ቅጽበት ሦስት ነገሮች አብረው ይሆናሉ፤ መዶሻው ወደ አንድ ጎን ተገልብጦ የኤሌክትሪኩን ምልክት ይሰጣል፤ ሞላዋ የቆመችበትን ቀዳዳ ግድግዳ መትታ ታንቃጭላለች፤ ጣትም ተቃውሞው ድንገት ሲለቀው ይሰማዋል። ጆሮ የሰማው፥ ጣት የተሰማውና ኮምፒዩተሩ የተቀበለው አንድ ነገር ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ኪቦርዶች ድምፁን ወይም ስሜቱን ለብቻው አስመስለው አቅርበዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን የሃሪስ ሥራ የሚበልጠው ሦስቱን በአንዲት ሞላ መታጠፍ ስላገናኛቸው ነው።

ይህች ሞላ በሁለት ቤት ትኖራለች። የመጀመሪያው ሞዴል ኤፍ ይባላል። በነሐሴ ወር 1981 ኩባንያው የግል ኮምፒዩተሩን ለሕዝብ ሲያቀርብ አብሮት የነበረው 83 ቁልፎች ያሉት ኪቦርድ ይህ ነው። በውስጡ ሞላዎቹና መዶሻዎቹ በሁለት የብረት ላሜራ መካከል ተይዘዋል፤ መዶሻው የኤሌክትሪክ መስመሮች ወደ ታተሙበት ገበታ ሲጠጋና ሲርቅ የኤሌክትሪኩ መጠን ይለወጣል፤ ቁልፉ መመታቱ የሚታወቅበት በዚህ ነው። ብረት ከብረት ጋር የሚነካካበት ነገር ስለሌለ የሚያልቅም የለም ለማለት ይቻላል። የፊደሎቹ አቀማመጥ ግን ጸሐፊዎችን አስቈጣ። የመመለሻው ቁልፍ አነስተኛ ነበር፤ በግራው የሺፍት ቁልፍና በዜድ መካከልም ሌላ ቁልፍ ጣልቃ ስለ ገባ የለመደ ጣት ይስት ነበር። በ1984 ኤቲ ከተባለው ኮምፒዩተር ጋር የወጣው ባለ 84 ቁልፍ ኪቦርድ ብዙውን ስሕተት አርሞ፥ የካፕስ ሎክና የመሳሰሉት ቁልፎች መብራት ጨመረ።

ሁለተኛው ቤት ሞዴል ኤም ነው፤ በ1985 ወጣ። ከአሜሪካውያን ጸሐፊዎች የተለመደው 101 ቁልፍ ያለው ሆኖ፥ የቀስት ቁልፎቹ ለብቻቸው፥ የቁጥሮቹ ረድፍ በስተቀኝ፥ የተግባር ቁልፎቹም ከላይ በአንድ መሥመር ተደርድረው የተዘጋጀው አሰላለፍ እስከ ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ ያለው ኪቦርድ ምሳሌ ሆነ። የውስጡ ታሪክ ግን ከውጭው የተለየ ነው። ሞላዋ ያው የሃሪስ ሞላ ስትሆን፥ የታተመው ገበታ ቀርቶ በምትኩ ሦስት ስስ የፕላስቲክ ገጾች ገቡ። በላይኛውና በታችኛው ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ተስሏል፤ መካከለኛው ቀዳዳ ያለው ሆኖ ሁለቱን ያለያያል። መዶሻው ሲወድቅ የላይኛውን ገጽ ጠቅቶ በቀዳዳው ውስጥ ከታችኛው ጋር ያገናኘዋል። የላይኛው ላሜራም በፕላስቲክ ተተካ፤ ያ ፕላስቲክ ከታችኛው የብረት ላሜራ ጋር የተያያዘው ከራሱ በወጡና ጫፋቸው በእሳት ቀልጦ በተደፈጠጠ በአሥሮች በሚቆጠሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች ነው። ይህ ሁሉ የተደረገው ወጪ ለመቀነስ ነበር። ጣት ልዩነቱን ብዙም አላወቀውም፤ ዕድሜ ግን አወቀው። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን አንድ አሮጌ ኪቦርድ ከግምጃ ቤት ወጥቶ በፊታችን ተቀመጠ እንበል። ምን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተሠራ በምን እናውቃለን? መጀመሪያ በእጅ ማንሣት ነው። የ1980ዎቹ ሞዴል ኤም ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሞዴል ኤፍ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቀጥሎ መገልበጥ ነው። በጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የብራና መጽሐፍ መደምደሚያ ላይ ጸሐፊው ስሙንና ዘመኑን እንደሚያኖር ያለ ነው፤ የሞዴሉን ስም፥ የዕቃውን ቁጥር፥ የተሠራበትን ቀን፥ ወርና ዓመት፥ የአገሩንም ስም ይናገራል። ከዕቃ ቁጥሮቹ ሁሉ የታወቀው 1391401 ነው፤ ባለ 101 ቁልፉ የአሜሪካ ዓይነት ሞዴል ኤም ማለት ነው። ከሌክሲንግተን ሌላ በስኮትላንድ በግሪኖክ ከተማ የተሠራ ብዙ አለ። በ1991 ኩባንያው የሌክሲንግተኑን ክፍል ሸጦ ሌክስማርክ የሚባል አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ስለዚህ ከዚያ ዓመት ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ወረቀት ላይ የሌክስማርክ ስም አብሮ ይገኛል። ሌክስማርክ በ1996 ኪቦርድ መሥራት ተወ፤ መሣሪያዎቹን ዩኒኮምፕ የተባለ ሌላ ኩባንያ ገዝቶ በዚያው በሌክሲንግተን ሥራውን ቀጠለ፤ ዛሬም ይሠራል።

ወረቀቱ የተላጠ ወይም የተፋቀ እንደ ሆነ መርማሪው ወደ ሌሎቹ ምስክሮች ይዞራል። የኩባንያው ምልክት አራት ማዕዘን ብርማ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ቀጥሎ ሞላላ ግራጫ፥ ኋላም ሞላላ ሰማያዊ ሆነ። በ1990ዎቹ ከተሠሩት መካከል ቡናና ሻይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ውኃው በታች እንዲወጣ ቦይ የተበጀላቸው አሉ፤ የቢሮ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ፋብሪካው ዘግይቶም ቢሆን መረዳቱ ነው። የመስኮት ሥዕል ያለበት ቁልፍ መኖርና አለመኖርም ይጠቅማል፤ ያ ቁልፍ በ1994 ገደማ የመጣ ስለ ሆነ እርሱ ያለበት ኪቦርድ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። የፊደሎቹንም አጻጻፍ መመልከት ነው። የእነዚህ ኪቦርዶች ፊደል በላዩ የተቀባ ሳይሆን ቀለሙ በሙቀት ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ እንዲሰርግ የተደረገ ስለ ሆነ፥ ቁልፉ ከብዙ ዓመት መዳሰስ የተነሣ ቢያብረቀርቅም ፊደሉ አይጠፋም። ፊደሉ የተፋቀ አንድ ቁልፍ በመካከላቸው ከተገኘ ከሌላ ኪቦርድ የመጣ እንግዳ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ምስክር ግን በውስጥ ያለው ነው። በኪቦርዱ ሆድ ካለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ገበታ ላይ የተተከሉት ቺፖች ብዙ ጊዜ አራት አኃዝ ተጽፎባቸው ይገኛል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ዓመቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት ያመለክታሉ። 8723 ማለት የ1987 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው። የሕንጻ ድንጋይ ከሕንጻው በፊት እንደሚጠረብ ሁሉ ቺፑም ከኪቦርዱ በፊት መሠራት አለበት። እንግዲህ በጀርባው ያለው ወረቀት 1986 የሚል ሆኖ ቺፑ 8723 የሚል ከሆነ አንዱ ተለውጧል፤ ወይ ሆዱ ተቀይሯል፥ ወይ ጀርባው የሌላ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በወረቀቱ ብቻ አይታለልም።

በዚህ ስፍራ ስለ አንድ ምስክር ለየት አድርጌ ልናገር። በየመሥሪያ ቤታችን በጠረጴዛውም በወንበሩም በኪቦርዱም ላይ የንብረት ቁጥር በቀለም ይጻፋል ወይም ይለጠፋል። አሮጌ ዕቃ የሚያድሱ ሰዎች ይህን ቁጥር እንደ እድፍ ቈጥረው በቤንዚንና በቲነር ያጠፉታል፤ ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይመስላል። እኔ ግን ይህ ቁጥር በብራና ኅዳግ ላይ የሚገኘው የባለቤቱ ስም ነው እላለሁ። ያ ኪቦርድ በየትኛው መሥሪያ ቤት፥ በየትኛው ክፍል እንዳገለገለ ከእርሱ በቀር የሚናገር የለም። መዝገቡ ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ መኖሩ አንድ ቀን ከሌላ መዝገብ ጋር ተገናዝቦ ሊናገር ይችላል። ከፋብሪካ የወጣበትን መልክ ፋብሪካው ያውቀዋል፤ በእኛ ዘንድ የኖረበትን ግን ያለ እኛ የሚያውቅለት የለም።

ምርመራው ካለቀ ኪቦርዱ ይሠራ እንደ ሆነ መሞከር ይከተላል፤ ለዚህም ገመዱንና ጫፉን ማየት ያስፈልጋል። ጫፉ ክብ ወፍራም ሆኖ 5 እግር ካለው ከቀድሞዎቹ ነው፤ አነስ ያለ ክብ ሆኖ 6 እግር ካለው ከ1987 ወዲህ የተለመደው ነው። ለዛሬው ኮምፒዩተር ሁለቱም አስተርጓሚ መሣሪያ ይሻሉ፤ የመጀመሪያው የ1981 ዓይነት ግን ቋንቋው ከኋለኞቹ የተለየ ስለ ሆነ ጫፉን ብቻ በሚለውጥ ዕቃ አይናገርም፤ ቋንቋውን የሚለውጥ ያስፈልገዋል።

ቋንቋ ስል ለማማር የተናገርሁት ምሳሌ አይደለም፤ በዚህ ውስጥ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚደንቅ ነገር አለ። ኪቦርድ ፊደል አያውቅም። በላዩ የተጻፈው ኤ ወይም ኤል ለእኛ ዓይን ነው እንጂ፥ ቁልፉ ሲመታ የሚልከው የስፍራውን ቁጥር ብቻ ነው። በ1981ዱ ኪቦርድ የኤል ስፍራ 38 ነው፤ የኤ ስፍራ 30 ነው። ጣት ሲለቅ ደግሞ በቁጥሩ ላይ 128 ተጨምሮ፥ ማለት ለኤ 158፥ ይላካል። ቁጥሩን ፊደል የሚያደርገው ኮምፒዩተሩ ነው። እንግዲህ በ1981 ወይም በ1987 የተሠራ ኪቦርድ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ፥ በዩኒኮድ፥ ከመግባቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ፊደላችን በዚያ መዝገብ የገባው በ1999 ነውና። ሆኖም ዛሬ ያንኑ ኪቦርድ ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ፥ በድምፅ አጻጻፍ ኤልንና ኤን ተከታትሎ ቢመቱት 38ና 30 ተልከው «ላ» በመስኮቱ ላይ ይወጣል። «ላ» በዩኒኮድ መዝገብ ቁጥሯ 4619 ነው፤ ኪቦርዱ ይህን ቁጥር ሰምቶት አያውቅም፥ ሊያውቀውም አይገባውም።

ይህ ከአማርኛው ጽሕፈት መኪና ታሪክ ጋር ቢተያይ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ኢንጂኒየር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል በጽሕፈት መኪና ለማስገባት በደከሙ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ፊደል በብረት ተቀርጾ በመኪናው ላይ ስፍራ ማግኘት ነበረበት። የመኪናው ቁልፎች ጥቂቶች፥ ፊደሎቻችን ግን ከሁለት መቶ በላይ ስለ ሆኑ፥ የአማርኛው ጽሕፈት መኪና በግእዙ ፊደል ላይ እግርና ቀለበት እየቀጠለ ካዕቡንና ሣልሱን ለማውጣት ተገደደ። በዚያ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ ከፊደሉ ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመውን እግር ያስታውሰዋል። በብረት ላይ የተቀረጸው ፊደል ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር፤ በቁጥር የሚናገረው ኪቦርድ ግን ሠሪዎቹ ያላሰቡትን ቋንቋ ይጽፋል። አሮጌውን ኪቦርድ አድሶ በሥራ ላይ ማዋል የጌጥ ነገር ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ዕድሳቱ እንምጣ። ሞዴል ኤምን የሚከፍቱት አራት ብሎኖች በኋላው ጠርዝ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ራሳቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ስለ ሆነ ተራ ካቻቢቴ አይፈታቸውም፤ ቀጭንና ረጅም የሆነ የ5.5 ሚሊ ሜትር መፍቻ ያስፈልጋል። ቁልፎቹ ከመነቀላቸው በፊት ሥዕላቸውን ማንሣት መልካም ነው። የተነቀሉት ቁልፎች ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከታጠቡም በኋላ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሊደርቁ ይገባል። ኤሌክትሪክ ያለበትን ውስጡን ግን በደረቅ ብሩሽ እንጂ በውኃ አይነኩትም። አቧራው፥ ፀጉሩ፥ የዳቦው ፍርፋሪ፥ አንዳንድ ጊዜም የወረቀት መያዣ ሽቦ ይወጣል። ይህ ክፍል ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም።

የፕላስቲኩ መልክ በፀሐይና በዘመን ብዛት ቢጫ መሆኑ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ የሚባለውን ፈሳሽ ቀብቶ በፀሐይ ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር በማኖር ቢጫውን ማንጣት ይቻላል፤ ከ2008 ጀምሮ ይህ ዘዴ በብዙ አዳሾች ዘንድ ተለምዷል። የሠሩበት ሰዎች አንዳንዱ ዕቃ ቆይቶ እንደ ገና ቢጫ እንደሚሆን፥ አያያዙን ያላወቀም ፕላስቲኩን እንደ ዝንጕርጕር እንደሚያደርገው ይናገራሉ። እኔ ባልነካው እመርጣለሁ። ቢጫው በአንድ ወገን የበዛ እንደ ሆነ መስኮቱ በየት እንደ ነበረ ይናገራል፤ ወረቀት ተለጥፎበት የነበረው ስፍራም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ከባዱ ነገር ከላይ የጠቀስኋቸው የፕላስቲክ ችንካሮች ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ የችንካሮቹም ራስ አንድ በአንድ እየተቆረጠ ይወድቃል። ኪቦርዱን ቀስ ብለው ሲነቀንቁት በውስጡ እንደ ጠጠር የሚንኳኳው ይኸው የተቆረጠ ራስ ነው። ችንካሩ በጎደለበት አካባቢ ብረቱና ፕላስቲኩ ይለያያሉ፤ ገጾቹ ይላላሉ፤ የሞላዋም መታጠፍ ጥርት ማለቱን ትቶ የረጠበ መሬት እንደ መርገጥ ይሆናል፤ ጥቂት ቆይቶም አንዳንዱ ፊደል መጻፉን ይተዋል። ሞዴል ኤፍ ይህ ሕመም የለበትም። ሁለቱ ላሜራዎቹ እርስ በርሳቸው በጥርስ የተያያዙ ስለ ሆኑ ተንሸራተው ይከፈታሉ፥ ተመልሰውም ይዘጋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ስፖንጅ በስብሶ ዱቄት ቢሆንም በሌላ ይተካል፤ ከዋናው አካል የሚጠፋ የለም። ኩባንያው በ1985 ያተረፈውን ሣንቲም ከዐርባ ዓመት በኋላ የሚከፍለው አዳሹ ነው ማለት ነው።

የሞዴል ኤም ችንካር እንደ ነበረ ሊመለስ አይችልም። በአዳሾች ዘንድ የተለመደው ዘዴ የቀሩትን ራሶች ሁሉ በስለት ቆርጦ፥ የችንካሮቹን ግንድ በ1.5 ሚሊ ሜትር ግድም በሚሆን ቀጭን ትራፓኖ በስቶ፥ በምትካቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ትንንሽ ብሎኖችን በዳዶ ማሰር ነው። ሥራው ሁለት ምሽት ይፈጃል። ሲያልቅ ኪቦርዱ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ የጠነከረ ይሆናል፤ ዳግመኛም የሚከፈት ይሆናል፤ ቀድሞ ግን አልነበረም። ነገር ግን ፋብሪካው እንዴት እንዳያያዘው የሚመሰክሩት ራሶች ተቆርጠዋል፤ እነዚህን መልሶ የሚያበቅል የለም።

አንዳንዶች ስለዚህ ነገር ጨርሶ አለመንካትን ይመክራሉ። ዕቃው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ምክራቸው ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከየሞዴሉ አንድ አንድ ሳይነካ ቢቀመጥ ለወደፊት መርማሪ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ስለዚህ ኪቦርድ ሊታወቅ የሚገባው ትልቁ ነገር የሞላዋ መታጠፍ ነው፤ ይህም በዓይን አይታይም፥ በሥዕልም አይቀረጽም፤ በጣት ብቻ የሚታወቅ ነው። ችንካሩ የተቆረጠና ሞላው የላላ ኪቦርድ መልኩን ይዞ ይቀራል፤ ሃሪስ የፈጠረውን ግን ጥሏል። ስለዚህ ብዙ ሞዴል ኤም በዓለም ላይ ባለበት በአሁኑ ጊዜ ችንካሩን ቆርጦ ሞላውን ማዳን ይሻላል የሚል አስተያየት አለኝ። ጥቂት ቀርተው ቢሆን ኖሮ ፍርዴ ሌላ በሆነ ነበር።

ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ሳይጽፍ አይለፍ። ከመቁረጡ በፊት ስንት ችንካር ቆሞ እንደ ነበረ፥ ስንቱ እንደ ወደቀ በየስፍራው ይቍጠር፤ በጀርባው ወረቀትና በቺፑ ላይ ያነበበውን ቀን፥ የቀየረውን ነገር ሁሉ፥ ሥራውን የሠራበትን ዕለት በእርሳስ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍር፤ ቀለም በእርጥበት ይለቃልና። የተቆረጡትን ራሶች በትንሽ ፖስታ ሰብስቦ ከዚያው ወረቀት ጋር በኪቦርዱ ሆድ፥ ከብረቱ ላሜራ በታች ባለው ባዶ ስፍራ ማኖር ይቻላል። ፖስታው እንዳይንኳኳ በፕላስተር ከሥረኛው ክዳን ጋር መያያዝ አለበት፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ሌላ ችንካር የወደቀ ይመስለዋል።